የመቃብር ሐውልት አንብቦ የቤተሰብን ሐረግ መፈለግ

የቅድመ አያቱን መቃብር ፍለጋ ወደ አንድ ደብር የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመለሰው አንድ ደብዛዛ ፎቶና አንድ የተሳሳተ ዓመተ ምሕረት ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አይለያይም። ሟቹን በአንድ ስም ብቻ ይፈልጋል፣ የግእዙን ቁጥር በችኮላ ያነባል፣ አጠገቡ ያሉትን መቃብሮች ሳያይ ይወጣል። ይህ መመሪያ በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ውስጥ ስላሉ ሐውልቶች ነው። ስለ ሙስሊም መካነ መቃብር ወደ መጨረሻው አጭር ክፍል አለ።

1. ከመሄድዎ በፊት ስሞቹን ሁሉ ይያዙ

ሰፈር የሚያውቀው ስም ድንጋዩ ላይ ላይኖር ይችላል። ለእያንዳንዱ ሰው ደብተርዎ ላይ አምስት መስመር ይክፈቱ፦

• የዓለም ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር። ሴቶች በትዳር የአባታቸውን ስም አይለውጡም። ስለዚህ ሴት አያትዎን በባላቸው ስም አይፈልጉ።
• የክርስትና ስም። ቤተሰቡ «ሙሉነሽ» የሚላቸው ሴት ድንጋዩ ላይ «ወለተ ጊዮርጊስ» ብቻ ተብለው ሊገኙ ይችላሉ። «ወለተ» እና «ወልደ» ትርጉማቸው ልጅ ቢሆንም እዚህ ላይ የክርስትና ስም እንጂ የወላጅ ስም አይደሉም። «የጊዮርጊስ ልጅ» ብለው ሐረግ ውስጥ ያስገቡ ብዙዎች ናቸው፤ ሐረጉ ከዚያ በኋላ አይቀናም።
• የምንኩስና ስም። በእርጅናቸው የመነኮሱ አያት «እማሆይ» ተብለው በሌላ ስም ተቀብረው ይሆናል።
• የፈረስ ስም። «አባ» የተባለ ሁሉ መነኩሴ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ይባሉ እንደነበር ሁሉ የጦር ሰዎችም በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር።
• ማዕረግ። ማዕረግ ያድጋል። በአንድ ወረቀት ላይ ባላምባራስ የተባሉ ሰው ድንጋያቸው ላይ ፊታውራሪ ሊሆኑ ይችላሉ። ማዕረግ ስለተለያየ ብቻ «ሌላ ሰው ነው» ብለው አይለፉ።

አረጋውያንን «በስንት ዓመተ ምሕረት ሞቱ?» ብለው አይጠይቁ፤ የሚያገኙት ግምት ነው። «በየትኛው በዓል አካባቢ ነበር? ጾም ነበር? ሙት ዓመታቸው በምን ቀን ይወጣ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ቀን በበዓል ይታወሳል፦ ልደታ 1፣ በዓታ 3፣ አቦ 5፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ ተክለ ሃይማኖት 24፣ መድኃኔ ዓለም 27፣ አማኑኤል 28፣ በዓለ ወልድ 29። «የኅዳር ሚካኤል ለት ነው የሞቱት» ካሉዎት ኅዳር 12ን ይዘዋል ማለት ነው።

ዓመቱን ደግሞ ሁሉም በሚያውቀው ክስተት ያስሩት። የኅዳር በሽታ 1911፣ የጣሊያን ወረራ ከ1928 ጀምሮ፣ የጃንሆይ መመለስ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ አብዮቱ 1966። «ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ከግርግሩ በፊት» የሚለው መልስ ብቻውን ፍለጋውን ወደ 20 ዓመት ያጠብበዋል።

2. ፈቃድ ይጠይቁ፣ ጊዜ ይምረጡ

መጀመሪያ ወደ ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። መታወቂያዎን ይዘው የማንን መቃብር እንደሚፈልጉ፣ ፎቶ ማንሳት እንደሚፈልጉና ድንጋዩን እንደማይነኩ በግልጽ ይንገሯቸው። ዘበኛውን ብቻ አስፈቅዶ መግባት በኋላ ካሜራ ያስነጥቃል። ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ከጠየቀ አጭር ማመልከቻ እዚያው ይጻፉ።

እሑድ፣ ታቦቱ የሚነግሥበት ዕለትና የደብሩ ወርኀዊ በዓል አይመቹም። በጾም ወራት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚሆን አስቀድመው ሰዓቱን ይጠይቁ። ነጠላ ይልበሱ።

ከሰኔ እስከ መስከረም ሣሩ ድንጋዩን ይውጠዋል፣ መሬቱም ይንሸራተታል። ምርጡ ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ነው፤ ሣሩ ደርቆ ይተኛል፣ ፀሐይዋም ዝቅ ብላ ስለምትጓዝ ፊደሉ ጥላ ይጥላል። ረጅም ሣር ውስጥ በባዶ እግር ወይም በነጠላ ጫማ አይግቡ፤ እባብ የሚወደው የሞቀ ድንጋይ ሥር ነው።

3. የሚይዙት ዕቃ

ደብተርና እርሳስ (እስክሪብቶ በእርጥበት ይበላሻል)፣ የ3 ሜትር መለኪያ፣ የውሃ መርጫ ከ2 ሊትር ንጹሕ ውሃ ጋር፣ ለስላሳ የፕላስቲክ ወይም የጭራ ብሩሽ፣ ቀጭን የእንጨት ስንጥር፣ ጠንካራ የእጅ ባትሪ ወይም ሁለተኛ ስልክ፣ የጠረጴዛ መጽሐፍ የሚያህል መስታወት፣ ጥቁር ጨርቅ፣ መንበርከኪያ።

የማይይዙት፦ የሽቦ ብሩሽ፣ ቢላ፣ በረኪና፣ ኦሞ፣ አቼቶ፣ ሎሚ፣ ጠመኔ፣ ዱቄት።

4. ድንጋዩን ከመፈለግዎ በፊት ግቢውን ይሳሉ

የቤተ ክርስቲያኑን በሮችና የዕቃ ቤቱን ቦታ በወረቀት ላይ ያስቀምጡ። ከዚያ በተራ እየተጓዙ ሰልፍ በሰልፍ ይቁጠሩ። የሚፈልጉት ድንጋይ ሲገኝ ከአንድ ከማይነቃነቅ ነገር (ከበር መቃን፣ ከግንብ ማዕዘን) በሜትር ለክተው ይጻፉ። «ከትልቁ ዋርካ አጠገብ» የሚል ማስታወሻ ዛፉ የተቆረጠ ዕለት ዋጋ ያጣል።

ድንጋይ ወድቆ ካገኙ አያንሡት። የወደቀበት ቦታ ራሱ መረጃ ነው፤ አንሥተው ሌላ መቃብር ላይ ካስደገፉት የሚቀጥለውን ፈላጊ ሁሉ ያሳስታሉ። ጽሑፉ ወደ መሬት ከዞረ ለጽሕፈት ቤቱ ይንገሩና በእነርሱ ሰዎች ይገልበጥ።

ግራ፣ ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ያሉትን ቢያንስ ስምንት መቃብሮች ይመዝግቡ፣ ስማቸው ባያስታውስዎትም። ቤተሰብ አንድ ጥግ ላይ ይቀበራል። ዛሬ የማያውቁት ስም ከሁለት ወር በኋላ የአያትዎ እህት ሆኖ ይመጣል፤ ያኔ ሌላ ጉዞ ከመሄድ ይድናሉ። በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ።

ፉካዎችንም አይዝለሉ። በግንብ ውስጥ በተደራረቡት ፉካዎች የላይኛው ረድፍ ከሩቅ አይነበብም። ስልኩን በእንጨት አስረው ከፍ አድርገው ያንሡት፤ ፉካ ላይ አይውጡ።

5. ማጽዳት፦ በውሃ ብቻ፣ ያውም ከተቻለ

አስቀድመው በጣትዎ በቀስታ ይንኩት። ዱቄት ከለቀቀ፣ ልጣጩ ከተነሣ ወይም ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ምንም አያድርጉበት፤ ወደ ደረጃ 6 ይለፉ።

ጤነኛ ከሆነ ከታች ወደ ላይ ውሃ ይርጩ። ከላይ ከጀመሩ ቆሻሻው እየወረደ በደረቀው ክፍል ላይ መስመር ይሠራል። 5 ደቂቃ ይቆዩ፣ በለስላሳ ብሩሽ ክብ እየሠሩ ያሹ፣ ያጥቡ። በፊደሉ ቦይ ውስጥ የገባ አፈር በእንጨት ስንጥር ይወጣል፤ ምስማር የፊደሉን ቅርጽ ይለውጣል።

አሲድ ያለው ነገር ሁሉ (ሎሚና አቼቶን ጨምሮ) እብነ በረድን ያሟሟል። መጀመሪያ ያበራል፣ ከዚያ ፊደሉ ይደበዝዛል። በረኪና በድንጋዩና በሲሚንቶው ውስጥ ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨው በእርጥበት እያበጠ ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ጠመኔና ዱቄት ፊደል ውስጥ መሙላት ለፎቶ የሚጠቅም ይመስላል፤ ጠመኔው ይፍቃል፣ ዱቄቱ ሻጋታ ያበቅላል።

አንድ ክፍል አፈር ውስጥ ገብቶ ከሆነ አይቆፍሩ፤ ቅጠሉንና የላላውን አፈር በእጅ ገፍተው፣ አንብበው፣ መልሰው ይሸፍኑ። የታችኛው መስመር ሊዘለል አይገባም። «ይህን ሐውልት ያሠሩላቸው ልጆቻቸው» የሚለውና የልጆቹ ስም ዝርዝር ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። የድንጋዩን ጀርባና የመስቀሉን እግርም ይመልከቱ።

6. ፎቶ በጎን ብርሃን

ፊት ለፊት የሚበራ ፍላሽ ፊደሉን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ብርሃኑ ከጎን፣ ድንጋዩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው መምጣት አለበት።

ሀ. ፍላሹን ያጥፉ። ስልኩን ከድንጋዩ ጋር ትይዩ ያድርጉ፤ ካጋደሉት ፊደሉ ይጣመማል።
ለ. መጀመሪያ ሙሉውን ከአካባቢው ጋር፣ ቀጥሎ ድንጋዩን ብቻ፣ ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ ያንሡ።
ሐ. ባትሪውን ከግራ በኩል፣ ከድንጋዩ ገጽ ብዙም ሳይርቅ፣ ያብሩና ያንሡ። ከቀኝ፣ ከላይና ከታችም ይድገሙ። ከግራ ሲበራ የጠፋ ጭረት ከላይ ሲበራ ይወጣል፤ የግእዝ ፊደል የድምፅ ምልክት ትንሽ ስለሆነ አራቱም አቅጣጫ ያስፈልጋል።
መ. ፀሐይ ጠንካራ ከሆነ በጥቁሩ ጨርቅ ይጋርዱና ብርሃኑን በመስታወት ከጎን ይመልሱ።

ፎቶው አሁንም ካልተነበበ ስልኩ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጠው ንፅፅሩን ይጨምሩ፣ ቀለሙንም ይገልብጡ። ግቢውን ከመልቀቅዎ በፊት እያንዳንዱን ፎቶ አጉልተው ያረጋግጡ።

7. እንዳለ ይገልብጡ

የሚነበበውን ብቻ፣ መስመር በመስመር፣ ከነስሕተቱ ይጻፉ። ጠራቢው «ሠ» መሆን የነበረበትን «ሰ» ቢያደርግ አያርሙ። የጠፋ ፊደልን በ[ ] ይተዉ፤ ግምትዎን ከጎኑ ይጻፉ እንጂ ውስጡ አይሙሉ። ሁለቱ ነጥብ (፡) በጥንቶቹ ጽሑፎች ላይ ቃል ከቃል ይለያል፤ ስም የት እንደሚያልቅ የሚነግርዎት እርሱ ነው።

በኋላ መዝገብ ውስጥ ሲፈልጉ አንዱን ስም በሁሉም አጻጻፍ ይሞክሩ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። «ኃይሉ» ፈልገው ያጡት ሰው «ሐይሉ» ተብሎ ተመዝግቦ ይሆናል።

«በተወለዱ በ፸፭ ዓመታቸው ዐረፉ» የሚለው ዕድሜውን እንጂ የልደቱን ዓመት አይነግርም። 75ቱን ጨርሰው ይሁን 75ኛውን ጀምረው አይታወቅም፤ የልደቱን ዓመት ሲያሰሉ አንድ ዓመት ወዲያና ወዲህ ይተዉ። ድንጋዩ ላይ የልደት ዓመት፣ የሞት ዓመትና ዕድሜ ሦስቱም ኖረው ካልተስማሙ ሦስቱንም እንዳሉ ይጻፉ፤ አስታራቂ ቁጥር አይፍጠሩ። ከሦስቱ የሞቱ ቀን ይበልጥ ይታመናል፣ ዝክሩ በየዓመቱ ስለሚያስታውሰው።

«ይህ ሐውልት በ… ተሠራ» የሚለው ዓመት የሞት ዓመት አይደለም። ቤተሰብ ሐውልት የሚያቆመው አቅሙ ሲፈቅድ ነው፤ ከቀብሩ ብዙ ዓመት ዘግይቶ ሊሆን ይችላል።

8. ዓመቱን ያንብቡ፣ ከዚያ ይፈትኑት

ብዙው ስሕተት እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለው ይሥሩ።

የግእዙ ቁጥር። ዜሮ የለውም። ፲፱፻፴፭ ማለት 10 እና 9፣ ማለትም 19 መቶ፤ ከዚያ 30 እና 5፣ ስለዚህ 1935። ፲፱፻፭ 1905 ነው፣ 1950 አይደለም፤ 1950 ፲፱፻፶ ነው። ፮ እና ፯ ሲያረጁ በቀላሉ ይምታታሉ። የቁጥሮቹ የላይና የታች ሰረዝ ከቁጥሩ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል፤ ስንጥቅም ሰረዝ ሊመስል ይችላል። ያልጠፋ ቁጥር ከዚያው ድንጋይ ላይ ፈልገው ያወዳድሩ፤ ጠራቢው አንድ ሰው ነው፣ አጣጣሉም አንድ ነው።

የትኛው አቆጣጠር? «እ.ኤ.አ.» የአውሮፓ፣ «እ.ኢ.አ.» የኢትዮጵያ ነው። ልዩነቱ የመካከለኛው ፊደል ምልክት ብቻ ስለሆነ ድንጋዩ ካረጀ አይታመንም። «ዓመተ ዓለም» ከተጻፈ 5500 ይቀንሱ፤ 7393 ዓመተ ዓለም 1893 ዓመተ ምሕረት ነው።

የጠፋ አኃዝ። ድንጋዩ ወንጌላዊውን ከጠቀሰ ዕድለኛ ነዎት። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ያካፍሉ፤ ቀሪው 1 ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ዮሐንስ ነው። «፲፱፻፴[ ] ዘመነ ሉቃስ» ከሆነ የሚቻለው 1931፣ 1935 ወይም 1939 ብቻ ነው።

ዕለት ካለ። ከሦስቱ አንዱን የሚለየው የሳምንቱ ዕለት ነው። እንዲህ ያስሉ፦

ሀ. ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምሩ።
ለ. ያንን ለ4 ያካፍሉ፣ ቀሪውን ይተዉ።
ሐ. የሁለቱን ድምር ለ7 ያካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ መስከረም 1 ማክሰኞ ዋለ፤ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ ያለ ቀሪ ሰኞ።
መ. በየወሩ ሁለት ዕለት ወደፊት ይቁጠሩ።

በዓድዋ ድል ይሞክሩት፣ የካቲት 23 ቀን 1888። 7388 ለ4 ሲካፈል 1847፤ ድምሩ 9235፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 2፣ ስለዚህ መስከረም 1 ረቡዕ። ጥቅምት 1 ዓርብ፣ ኅዳር 1 እሑድ፣ ታኅሣሥ 1 ማክሰኞ፣ ጥር 1 ሐሙስ፣ የካቲት 1 ቅዳሜ። የካቲት 22 ቅዳሜ ከሆነ 23 እሑድ ነው፤ ውጊያውም እሑድ ነበር። መልስዎ እዚህ ካልደረሰ ስሌቱን ሳያስተካክሉ ወደ ድንጋዩ አይሂዱ።

ወደ አውሮፓ ሲቀይሩ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይደምሩ። ከየካቲት 1892 በፊት ላለ ቀን የዛሬው የቀን መቁጠሪያ በአንድ ቀን ይሳሳታል፣ የአውሮፓው አቆጣጠር በ1900 የካቲትን 29 ስላላደረገ። የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል፣ በ1888 ግን ማርች 1 ነበር።

9. ከድንጋይ ውጭ ያመሳክሩ

አንድ ሐውልት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቢያንስ አንድ ሌላ ምንጭ ያክሉ። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ስለሆነ ለድሮ ሟች የሞት የምስክር ወረቀት አይጠብቁ። ይልቅ እነዚህን ይጠይቁ፦

የቤተሰቡን ዳዊት። በባዶ ገጾቹና በዳሩ ላይ ልደትና ሞት የተጻፈበት ብዙ ነው። የዕድር መዝገብ። የደብሩ የቀብር መዝገብና ደረሰኝ። የንስሐ አባት ወይም የእርሳቸው ተተኪ፣ የክርስትና ስምን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ከግንቦት 30 ቀን 1933 ወዲህ የሞቱ ከሆነ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የሞት ማስታወቂያ፤ የቆዩ እትሞችን በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ይጠይቁ። ጋዜጣውን ሲያነቡ ከሞቱ ቀን ብቻ አይጀምሩ፤ የ40፣ የ80 እና የሙት ዓመት ማስታወቂያ በኋላ ይወጣል፣ የልጆችና የወንድሞች ስም ዝርዝርም እዚያ ሊገኝ ይችላል።

ስም፣ የአባት ስም፣ ቦታና ቀን ከሚሉት አራቱ ሦስቱ ሳይገጥሙ «አያቴ ናቸው» ብለው በሐረጉ ላይ አይጻፉ። በእርሳስ ይያዙትና ጥያቄ ምልክት ያድርጉበት።

የሙስሊም መካነ መቃብር

ፈቃዱን ከመስጊዱ ኮሚቴ ይጠይቁ። ብዙ መቃብር ያለ ጽሑፍ ነው፤ ያለው ደግሞ በዐረብኛና በሂጅራ ዓመት ሊሆን ይችላል። የሂጅራን ዓመት በ0.97 ያባዙና 614 ይደምሩ፤ ግምታዊ ዓመተ ምሕረት ይሰጥዎታል። 1400 ሂጅራ 1358 እና 614፣ ማለትም 1972 ዓ.ም. ነው። አንድ ዓመት ስሕተት ይጠብቁ። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በሂጅራ የተጻፈ ዕድሜም ከኛው ይበልጣል፤ 33 የሂጅራ ዓመት 32 የፀሐይ ዓመት ነው።

10. ሐውልቱ ቦታው ላይ ከሌለ

ቦታ በጠበባቸው የከተማ አድባራት አሮጌ መቃብር ይነሣል፣ ዐፅሙ ተሰብስቦ በአንድ ቦታ ያርፋል። ጽሕፈት ቤቱን «መቃብሩ የት ነው?» ሳይሆን «በዚያ በኩል የነበሩት መቃብሮች መቼ ተነሡ? ዐፅሙ የት ገባ? ዝርዝር ተይዟል?» ብለው ይጠይቁ። የተነሣውን ድንጋይ በአጥሩ ጥግ፣ በደረጃ ንጣፍና በዕቃ ቤቱ ጀርባ ይፈልጉ፤ ድንጋይ እንደገና ይሠራበታል፣ ጽሑፉም ወደ ታች ዞሮ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በፊት ግን መቃብር ቆፋሪዎቹን ያነጋግሩ፤ መዝገብ ያልያዘውን ቦታ እነርሱ በእጃቸው ያውቁታል።

እዚህም ካልተገኘ በአዲስ አበባ የኖሩ ሰው ሆነው ወደ ትውልድ አጥቢያቸው ተወስደው ተቀብረው እንደሆነ ያጣሩ። «ከአባቶቼ ጋር ቅበሩኝ» ያለ ሰው ከኖረበት ከተማ ብዙ ቀን ርቆ ይገኛል። ፍለጋውን የአባታቸው አባት ከተቀበሩበት ደብር እንደገና ይጀምሩ፣ ያንንም ደብር ከደረጃ 4 ጀምረው ይሳሉት።